ቤት ሳንኖር የሚበስለው ዶሮ

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም። አባቶች ይህን የተናገሩት ስለ ትዕግሥት ሲያስተምሩ ነው እንጂ ስለ ወጥ ቤት ሲያወሩ አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ዕንቁላሉ በእግሩ ከሄደና ዶሮ ከሆነ በኋላ ስላለው ነገር፥ ይኸውም ዶሮን በዝግታ አብስሎ ከመኮሮኒና ከክሬም ጋር ለማዕድ ስለ ማቅረብ ስለ ሆነ፥ ምሳሌውን ለመግቢያ ብንዋሰው አንባብያን ቅር እንደማይሰኙብን ተስፋ እናደርጋለን።

የዶሮ ምግብ በቤታችን ከፍ ያለ ክብር አለው። ክብሩም ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ብዙውን ጊዜ አንዲት ሰው ናት። ሽንኩርት ስትከትፍ፥ ስታቁላላ፥ ስታማስል፥ ድስቱ እንዳያር ስትጠብቅ የቤቱ እመቤት ግማሽ ቀኗን ከምድጃ ፊት ታሳልፋለች። እሑድ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገሠግሥ እርስዋ «ምሳውን ማን ያደርሳል?» ብላ ትቀራለች፤ ብትሄድም አሳቧ ከድስቱ ጋር ይሆናል። ሁሉም በማዕድ ዙሪያ በተቀመጠ ጊዜ ደግሞ እርስዋ ቆማ ታስተናግዳለች። በውጭ አገር፥ በተለይም በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከዚህ የተለየ ችግር አለባቸው። ባልና ሚስት በተለያየ ሰዓት ሥራ ይገባሉ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምድጃ የሚያነድላቸው አያገኙም፤ እያንዳንዱም ያገኘውን ቀዝቃዛ ነገር ቆሞ ቀማምሶ ወደየክፍሉ ይገባል። እንዲህ ያለው ቤት ምግብ አላጣም፤ ማዕድ ግን አጥቷል።

ለዚህ ችግር ጥቂት እርዳታ ሊሰጥ የሚችል አንድ ዕቃ አለ። በአሜሪካ የሚኖሩት ወገኖቻችን «ስሎው ኩከር» እያሉ በእንግሊዝኛው ስም ይጠሩታል፤ እኛ ዝግተኛው ድስት እንበለው። ከሸክላ የተሠራ ወፍራም ድስት ነው፤ በዙሪያው የኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠመጠመበት የብረት ማቀፊያ አለው፤ ከላይ ብዙውን ጊዜ በመስተዋት ክዳን ይገጠማል። ከፊቱ ያለው መዘውር «ዝቅተኛ»፥ «ከፍተኛ» እና «ሙቀት መጠበቂያ» የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። መካከለኛ መጠን ያለው ድስት የሚወስደው ኃይል ከ200 እስከ 300 ዋት አካባቢ ነው፤ ይህም አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው እጅግ ያነሰ ነው።

የዚህ ድስት ታሪክ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። ኢርቪንግ ናክሶን የሚባል በቺካጎ ይኖር የነበረ አይሁዳዊ መሐንዲስ፥ እናቱ በልጅነቷ በሊትዌንያ ስላየችው ምግብ ስትናገር ይሰማ ነበር። በሰንበት እሳት ማንደድ በሕጋቸው የተከለከለ ስለ ሆነ፥ የዚያ አገር አይሁድ ዓርብ ፀሓይ ሳትገባ ሥጋና ባቄላ ያለበትን ድስት ወደ ዳቦ ጋጋሪ ይልኩት ነበር። ድስቱም ሌሊቱን በምድጃው ትራፊ ሙቀት ሲበስል አድሮ፥ በማግሥቱ ቤተ ሰቡ ከጸሎት ሲመለስ ትኩሱን ይቀርባል። የምግቡም ስም «ቾለንት» ይባላል። ናክሶን ይህን አስታውሶ በዙሪያው የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ድስት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ማመልከቻ አቅርቦ በ1940 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1970 ራይቫል የተባለው የካንሳስ ሲቲ ኩባንያ የናክሶንን ድርጅት ገዛ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ድስቱን አሻሽሎ «ክሮክ ፖት» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ያን ጊዜ በአሜሪካ ብዙ ሴቶች ከቤት ውጭ ሥራ ይገቡ ነበርና ድስቱ ፈጥኖ በየቤቱ ገባ።

እንግዲህ ይህ ዕቃ መጀመሪያ የታሰበው ለስንፍና አልነበረም፤ ሰው ወደ ጸሎት ሄዶ ሲመለስ ትኩስ ምግብ እንዲያገኝ ነበር። አሳቡም ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በዐመድ ዳፍነው የሸክላ ድስት ሲጥዱበት፥ ሌሊቱን ቀስ እያለ የበሰለው ነገር ጧት ተከፍቶ ቤቱን በሽታ ሲሞላው ያየ ሁሉ ምሥጢሩን ያውቀዋል። አዲሱ ነገር ፍሙ በሽቦ መለወጡ ብቻ ነው።

ነገር ግን ማንኛውም ዕቃ የሚችለውና የማይችለው አለ። ዝግተኛው ድስት የሚችለው ጠንካራ ሥጋን ማለስለስ ነው። በዶሮ ጭን ውስጥ ሥጋውን አያይዞ የሚይዝ ጅማት መሰል ነገር አለ፤ ይህ ነገር በርጥብ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል፥ ሥጋውንም ያለሰልሰዋል። የደረት ሥጋ ግን ይህ ስለሚያንሰው ብዙ ሲቆይ ይደርቃል። ስለዚህ ቤት ውሎ ድስቱን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ጭኑን መምረጥ ይሻላል።

ድስቱ የማይችለው ደግሞ ማቁላላት ነው። በውስጡ ያለው መረቅ ውሃ ነውና ሙቀቱ ከፈላ ውሃ አያልፍም፤ ሽንኩርት ቀልቶ መዓዛ እንዲሰጥ ግን ከዚያ የበለጠ ሙቀት ያስፈልገዋል። ጥሬ ሽንኩርት ጨምሮ «ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ራሱ ይበስላል» የሚል ሰው፥ በመጨረሻ የሚያገኘው የተቀቀለ ሽንኩርት ጣዕም ነው። ያገራችን ሴቶች ቁሌት የወጥ መሠረት መሆኑን ያለ መምህር ያውቃሉ፤ ይህ እውቀታቸው እዚህም ሊለያቸው አይገባም። የሩብ ሰዓት ሥራ በምድጃ ላይ መሠራት አለበት፤ የቀረውን ሰዓት ድስቱ ይወስደዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ፓስታና መኮሮኒ ወደ እኛ የመጡት ከኢጣልያኖች ጋር ቢሆንም፥ ዶሮን ከክሬምና ከመኮሮኒ ጋር አዋሕዶ በአንድ ሳሕን ማቅረብ ይልቁን የአሜሪካ ቤቶች ልማድ ነው። ለ6 ሰው የሚበቃው መጠን የሚከተለው ነው፤ ኩባያ ስንል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ማለታችን ነው።

አጥንቱና ቆዳው የወጣለት የዶሮ ጭን 1 ኪሎ፤
ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ፤
ነጭ ሽንኩርት 4 ፍሬ፤
ለጋ ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ፤
የደረቀ ጦስኝ 1 የሻይ ማንኪያ፤
ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፥ ጨው 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፤
የዶሮ መረቅ 1 ኩባያ ተኩል፤
መኮሮኒ 400 ግራም፤
ስቡ ያልወጣለት ክሬም 1 ኩባያ፤
የተፈቀፈቀ ደረቅ ፎርማጆ 100 ግራም።

በመጀመሪያ ቀይ ሽንኩርቱ ደቆ ይከተፍና በቅቤው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየተማሰለ ቀላ እስኪል ድረስ ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርቱና ጦስኙ ይጨመሩበትና ለ1 ደቂቃ ይማሰሉ። ከዚያ መረቁ ይፍሰስበት፤ በመጥበሻው ግርጌ የያዘው ሁሉ በእንጨት ማንኪያ ይፋቅ፤ ጣዕሙ ያለው በእርሱ ነውና። ፈላ ሲል ወደ ዝግተኛው ድስት ይገልበጥ። ትኩሱን መገልበጡ ድስቱ ቶሎ እንዲሞቅ ይረዳዋል።

ሁለተኛ፥ ዶሮው ጨውና ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበት በመረቁ ውስጥ ይዘርጋ። ድስቱ ቢያንስ እስከ ግማሹ፥ ቢበዛም እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሞላ። ከግማሽ ካነሰ ምግቡ ይደርቃል፤ ከልክ ካለፈ ሙቀቱ ወደ መካከል ሳይደርስ ይዘገያል። ክዳኑ ይገጠምና በዝቅተኛው ደረጃ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይተው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ክዳኑን እየከፈቱ ማየት አይገባም። ክዳኑ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቍጥር የተጠራቀመው ሙቀት ይወጣል፤ ድስቱም ያንን ለመመለስ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ወጥ ቤት ገብተው ክዳን ማንሣት ለሚወዱ ልጆችም ይህ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ሦስተኛ፥ ዶሮው ከበሰለ በኋላ በሁለት ሹካ ይበጣጠስ። መኮሮኒው ግን ለብቻው ጨው ባለበት ብዙ ውሃ ይቀቀል፤ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ 2 ደቂቃ ቀድሞም ይውጣ። መኮሮኒን ከጧት ጀምሮ ከዶሮው ጋር የሚጨምሩ አሉ፤ ነገር ግን ለሰዓታት በመረቅ ውስጥ የዋለ መኮሮኒ ቅርጹ ጠፍቶ ገንፎ ይሆናል። ከተቀቀለበት ውሃ 1 ኩባያ ሳይደፋ ይቀመጥ።

አራተኛ፥ ክሬሙና ፎርማጆው ጥቂት በጥቂት እየተጨመሩ ይማሰሉ። ክሬም በመጨረሻ የሚጨመርበት ምክንያት አለው። ወተት በሙቀት ላይ ብዙ ሲቆይ፥ ይልቁንም ቲማቲም ወይም ሎሚ ካለበት፥ ተለያይቶ እንደ አይብ ይቋጥራል። ስብ የበዛበት ክሬም ይህን የተሻለ ይችላል፤ ቀጭን ወተት ግን አይችልም። በመጨረሻም መኮሮኒው ይግባና ክዳኑ ተገጥሞ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ቢወፍር ከተቀመጠው ውሃ ጥቂት ይጨመርበት። እሳት እሳት የሚል ምግብ ለለመደ ምላስ፥ ከቁሌቱ ጋር አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ቢጨመር ነውር አይደለም።

በዚህ ሥራ እጅ የሚጠየቀው ጧት ግማሽ ሰዓት፥ በመጨረሻም ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በመካከል ያለውን ድስቱ ይጠብቀዋል። ቤተ ሰቡ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ የሚመለስ ከሆነ፥ በራሱ ወደ «ሙቀት መጠበቂያ» የሚሻገር ድስት ለ5 ሰዓት ተስተካክሎ ቢተው፥ ዶሮው በስሎ ትኩስ እንደ ሆነ ይጠብቃቸዋል። ሽንኩርቱን ማታውን ከትፎና አቁላልቶ በማቀዝቀዣ ማሳደር ይቻላል፤ ጧት መረቁን ጨምሮ እንደ ገና ማፍላት ብቻ ይቀራል። ዶሮው ግን በሌላ ዕቃ ለብቻው ይደር። ሲመለሱ የሚቀረው መኮሮኒውን መቀቀል ነው፤ ይህንም አባት ወይም ታላቅ ልጅ ሊሠራው ይችላል። ታናሹ ፎርማጆ ይፈቅፍቅ፤ ሌላው ሳሕን ያሰናዳ። እናት አንድ ቀን ከሁሉ ጋር አብራ ብትቀመጥ ሥርዓት አይፈርስም፤ ይልቁን ይጸናል።

አሁን ደግሞ እንዲያው በቀላሉ ሊታለፍ የማይገባውን ነገር እንናገር። ድስቱ የሚወስድልን መጠበቁን ነው እንጂ መጠንቀቁን አይደለም። ዶሮ ሲጎዳ ሆድ የሚያሳምሙ፥ ሕፃናትንና አረጋውያንን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሱ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይኖሩበታል። እነዚህ ተሕዋስያን ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይና ከ60 በታች ባለው ሙቀት ፈጥነው ይራባሉ፤ ስለዚህ ምግብ በዚህ መካከል ብዙ እንዳይቆይ ማድረግ ያስፈልጋል። ከበረዶ ያልተፈታ ዶሮ በዝግተኛው ድስት ውስጥ መጨመር ክልክል መሆን አለበት፤ እስኪፈታና እስኪሞቅ ድረስ ሰዓታት በዚህ አደገኛ መካከል ይቆያልና። ከዋዜማው በማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ይፈታ። እንደዚሁም ጥሬ ዶሮ ጨምሮ፥ ድስቱ ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ በራሱ እንዲነሣ አስተካክሎ መሄድ አይገባም። ዶሮው መብሰሉን በዐይን ብቻ ከመገመት፥ የሥጋ መለኪያ ቴርሞሜትር ከወፍራሙ ቦታ ተክሎ 74 ዲግሪ መድረሱን ማየት የታመነ ነው።

ስለ ማጠብም አንድ ነገር እናንሣ። ዶሮን በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ማጠብ የእናቶቻችን የንጽሕና ልማድ ነው። ልማዱ የመጣው ዶሮው በቤት ታርዶ፥ በፈላ ውሃ ተነጭቶ፥ በቤት በሚበለትበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም አስፈላጊ ነበር። በሱቅ ታሽጎ የሚሸጠው ዶሮ ግን ላባውና የሆድ ዕቃው ወጥቶለት ታጥቦ የመጣ ነው። የአሜሪካ የምግብ ጤና ጠባቂዎች ይህን ዶሮ እንደ ገና ማጠብ አያስፈልግም ይላሉ፤ ምክንያታቸውም የሚፈናጠቀው ውሃ ተሕዋስያኑን ወደ ሳሕኑ፥ ወደ ሰላጣውና ወደ ልብሳችን ስለሚያዛምት ነው። ተሕዋስያኑን የሚገድለው እሳት ነው እንጂ ሎሚ አይደለም። ልማዷን መተው የከበዳት እናት ብትኖር፥ ውሃው ሳይፈናጠቅ በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ በቀስታ ትጠብ፤ ወዲያውም ማጠቢያውን፥ መክተፊያውንና እጇን በሳሙና ታጽዳ።

ከምግቡ የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ጠለል ባሉ ዕቃዎች ተከፍሎ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። በማግሥቱ ሲሞቅ በምድጃ ላይ ይሁን እንጂ በዝግተኛው ድስት አይሁን፤ ድስቱ የቀዘቀዘ ምግብ ለማሞቅ እጅግ ይዘገያልና።

ባገር ቤት ላሉ አንባብያን ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አንደኛው፥ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ይህን ድስት በስጦታ ይዞ ቢመጣ፥ ከግድግዳው ከመሰካቱ በፊት ከታች የተጻፈው ይነበብ። የአሜሪካ ድስት የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። ኃይሉ በዚህ ስሌት ከ3 እጥፍ በላይ ስለሚያድግ ድስቱ ይቃጠላል፤ ቤቱንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ሁለተኛው፥ ሰው በሌለበት መብራት ጠፍቶ ቢቆይና ለስንት ሰዓት እንደ ጠፋ ባይታወቅ፥ ምግቡ የበሰለ ቢመስልም መጣል አለበት። አንድ ዶሮ መጣል ያሳዝናል፤ ነገር ግን ከልጅ ሕመም ጋር አይነጻጸርም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ድስቱን ቤት በሚውልበት ቀን ቢጠቀምበት የበለጠ ነው።

ይህ ምግብ ዶሮም ቅቤም ክሬምም ያለበት ስለ ሆነ ቀኑን መለየት እንደሚያስፈልግ ለክርስቲያን ቤት መንገር አይኖርብንም። ከሐምሳው ቀን በስተቀር ረቡዕና ዓርብ፥ እንዲሁም በአጽዋማት ጊዜ አይሠራም፤ በዐቢይ ጾም እሑድም ቢሆን የፍስክ ምግብ አይበላምና። ሆኖም ድስቱ በጾም ወራት ተጠቅልሎ መቀመጥ የለበትም። ድፍን ምስር ከቁሌትና ከጦስኝ ጋር በዘይት ተሠርቶ፥ በክሬም ፈንታ የኮኮናት ወተት በመጨረሻ ቢጨመርበት፥ ከመኮሮኒ ጋር ያማረ የጾም ምግብ ይሆናል። መኮሮኒው ዕንቁላል የሌለበት መሆኑ ግን ከማሸጊያው ይነበብ። በምስር ፈንታ ቀይ ቦሎቄ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ቢኖር በጥብቅ ይጠንቀቅ፤ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለበት፤ ዝግተኛው ድስት ደግሞ መርዙን ለማጥፋት የሚበቃ ሙቀት ላይደርስ ይችላል። አስቀድሞ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይደር፤ ውሃው ይደፋ፤ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ በሙሉ ፍላት በምድጃ ይንተክተክ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድስቱ ይግባ።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው መሣሪያ የሴቶቻችንን ሙያ ያጠፋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አንጠራጠርም። ግን ቁሌቱን ማን አቁላላ? ቅመሙን ማን መጠነ? ክሬሙ መቼ እንደሚገባ ማን ዐወቀ? ሙያ ማለት ይህ ነው እንጂ ከድስት ፊት ለአምስት ሰዓት መቆም አይደለም። ለዓውደ ዓመት የሚሠራውን የዶሮ ወጥ ዝግተኛው ድስት እንዲተካው አንመክርም፤ የእርሱ ቦታ የተጠበቀ ነው። ለተራው ሰንበትና ሁሉም ደክሞ ለሚገባበት የሥራ ቀን ግን ይህ ድስት ጥሩ አገልጋይ ነው።

የሚያተርፈውም ሰዓት በከንቱ እንዳይባክን ያስፈልጋል። ድስቱ አምስት ሰዓት ሰጥቶን እኛ ሳሕናችንን ይዘን ወደየክፍላችን የምንበታተን ከሆነ፥ ያገኘነው ነገር ቢኖር ለስላሳ ዶሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳኑ በሚነሣበት ጊዜ ሁሉም ይጠራ፤ ማዕዱ ይባረክ፤ ምግቡን ያበሰለችው እናት በመጀመሪያ ትቀመጥ፤ ትኩሱም ሳይቀዘቅዝ ይበላ።